ጭቃና ጭድ፤ ሙጫና ክር

አባቶቻችን የቤታቸውን ግድግዳ ከመምረጋቸው በፊት ጭቃውን ከጤፍ ጭድ ጋር አቡክተው ያሳድሩት የነበረው በከንቱ አይደለም፡፡ ጭቃ ብቻውን ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ጭድንም ብቻውን ነፋስ ይወስደዋል፡፡ ሁለቱ ሲዋሐዱ ግን ጭዱ ስንጥቁን ይገታል፤ ጭቃውም ጭዱን በቦታው ያጸናዋል፡፡

እኛ የአትላስ አካባቢ ተማሪዎች ቦሌ የሚያርፉትን አይሮፕላኖች ዘወትር እናያለን፡፡ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ ጉዞውን ወደ ካይሮ ሲያደርግ አይሮፕላኑ ከአሉሚኒየም የተሠራ ነበረ፡፡ በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ከአፍሪቃ ቀድሞ የተረከበው ቦይንግ 787 ግን የክብደቱ እኩሌታ ከካርቦን ክርና ከሙጫ የተዋሐደ ነው፡፡ ሙጫው ኢፖክሲ ይባላል፡፡ ስዊሳዊው ኬሚስት ፒየር ካስታን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1930ዎቹ ለጥርስ ሥራ ሲመራመር ካገኙት ሰዎች አንዱ ነው፡፡ ፈሳሽ ሳለ ማጠንከሪያ ሲጨመርበት ይደርቃል፤ ብረት ያጣብቃል፤ ቀለም ይሆናል፤ ክርም ያስተሳስራል፡፡

ይሁን እንጂ አዲስ ነገር ያለ ፈተና አይጸናም፡፡ ሐምሌ 5 ቀን 2005 ዓ.ም. «ንግሥተ ሳባ» የተባለው የአየር መንገዳችን 787 ለንደን ሒትሮው ቆሞ ሳለ ተቃጠለ፡፡ ደግነቱ ተሳፋሪ አልነበረበትም፡፡ መርማሪዎች እንዳስረዱት እሳቱ የተነሣው ከአንድ የአደጋ ምልክት ማስተላለፊያ መሣሪያ ባትሪ ሲሆን፣ ሙቀቱ የበታተነው ሙጫ ደግሞ ለእሳቱ ማገዶ ሆነ፡፡ ብዙዎች እንዲህ ያለ አካል ይጠገናልን ብለው ተጠራጠሩ፡፡ አይሮፕላኑ ግን ተጠግኖ ከጥቂት ወራት በኋላ ወደ በረራ ተመለሰ፡፡

ምርምሩ በክር ብቻ አልተወሰነም፡፡ በ1980ዎቹ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር፣ የጃፓኑ ቶዮታ ተመራማሪዎች ጥቂት የሸክላ አፈር በናይሎን ውስጥ በትነው ጥንካሬውንና ሙቀት መቻሉን ጨመሩ፡፡ የአፈሩ ንጣፎች ውፍረት የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ያህል ስለ ሆነ ውሕዱ ናኖኮምፖዚት ተባለ፡፡ አፈር፣ የአባቶቻችን የግድግዳ አፈር፣ ከዘመናዊው የሞተር ክፍል ገባ ማለት ነው፡፡

እንግዲህ ባልንጀሮቻችን ሆይ፣ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ተረት እውነት ነው፤ ነገር ግን ድሩን የሚያስተባብረው ምን እንደ ሆነ፣ በምንስ እንደሚፈርስ መመርመር የእኛ ተራ ነው፡፡ የጭቃው ግድግዳ ሲሰነጠቅ አባቶቻችን ራሳቸው መረጉት፡፡ ከራሳችን ላይ የሚያልፈውንም ለመሥራትና ለመጠገን የምንበቃው ኬሚስትሪንና ፊዚክስን ለፈተና ብቻ ሳይሆን ለሥራ ብለን ስንማር ነው፡፡