«ካሬ»፣ «ጎነ ሦስት»፣ «ሬክታንግል»፦ የጠለል ምስሎች አሰያየም ታሪክ

በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ በሚገኝ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የሒሳብ ትምህርት ሲሰጥ ተገኝተን ነበር። መምህሩ ርዝመቱ የወርዱ እጥፍ የሆነ ምስል በሰሌዳው ላይ ሥለው ስሙን ቢጠይቁ፣ ከተማሪዎቹ አንዱ «ካሬ ነው» ሲል መለሰ። ካሬ አራቱም ጎኖቹ እኩል እንደሆኑ ሲነገረውም፣ «የእኛ ቦታ ረጅም ነው፤ ግን 75 ካሬ ነው» አለ። ልጁ የተናገረው ከቤቱ የሰማውን አማርኛ ነው። ስለዚህም መልሱን ስሕተት ነው ብለን ከማለፋችን በፊት የቃሉን ታሪክ መመርመር ይገባናል።

እንደሚታወቀው፣ በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ ዋና የማስተማሪያ ቋንቋ ነበር። «ካሬ» የፈረንሳይኛ ቃል ነው። በዚያ ቋንቋ ምስሉንም ይሰይማል፤ ከ«ሜትር» ጋር ተጣምሮም የስፋት መለኪያ ይሆናል። ወደ አማርኛ ከገባ በኋላ ግን ከ«ካሬ ሜትር» ውስጥ «ሜትር» እየተጎረደ፣ «ካሬ» ብቻውን የስፋት መስፈሪያ ሆነ። ዛሬ በአዲስ አበባ «200 ካሬ ቦታ» የሚል ሰው ስለ ቦታው ቅርጽ የሚናገረው አንዳች ነገር የለም። የኮልፌው ተማሪ የያዘው ይህንኑ ፍቺ ነው።

ሁለተኛው የቃላት ንብብር ከ1933 ዓ.ም. ነጻነት በኋላ እንግሊዝኛ በትምህርት ቤት ሲሰፍን የመጣ ነው። በ1950ዎቹ አጋማሽ አማርኛ እስከ 6ኛ ክፍል የማስተማሪያ ቋንቋ ሲሆን፣ የመማሪያ መጻሕፍት አዘጋጆች በሁለት መንገድ መካከል ቆሙ፤ ይኸውም የእንግሊዝኛውን ቃል በፊደላችን መጻፍ ወይም አዲስ ቃል መፍጠር ነበር። «ሬክታንግል»፣ «ሮምበስ» እና «ትራፒዚየም» የፊተኛው መንገድ ፍሬዎች ሲሆኑ፣ «ጎነ ሦስት»፣ «ጎነ አራት» እና «ጎነ ብዙ» የኋለኛው ናቸው።

«ጎነ ሦስት» በአፈጣጠሩ ሊመሰገን የሚገባው ቃል ነው። «ጎን» በተናባቢ መልኩ «ጎነ» ሆኖ ከቍጥር ጋር ሲጣመር ሦስት ጎን ያለውን ነገር ይሰይማል። «እጀ ሰባራ»ን እና «ልበ ሰፊ»ን የሚያውቅ ልጅ ይህን አገባብ ከቤቱ ይዞት ይመጣል። ከዚህም በላይ፣ እንግሊዝኛው ሦስት ጎን ያለውን ምስል በማዕዘኑ፣ አራት ጎን ያለውን በጎኑ፣ አምስት ጎን ያለውን እንደገና በማዕዘኑ ሲሰይም፣ አማርኛው ግን ሁሉንም በጎን ይቈጥራል። «ጎነ አምስት»ን ሰምቶ የማያውቅ ተማሪ እንኳ ሊሥለው ይችላል፤ «ሮምበስ»ን ግን ካልተነገረው በቀር ሊያውቀው አይችልም።

በዕለት ንግግር የሚሠራበት «አራት ማዕዘን» ለምን አልተወሰደም የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። በአጠና ተራ ገዝቶ ቤት ለሚያቆም ሰው ማዕዘን ማለት ሁለት ግድግዳ የሚገናኝበት፣ ቀጥ ብሎ መቆም ያለበት ስፍራ ነው። ጎኖቹ ያዘነበሉትን ምስል ሰው በቀላሉ «አራት ማዕዘን» አይለውም። ስለዚህ ለማንኛውም ዐይነት ማዕዘን «ዘዌ»ን መድቦ፣ ቀጥ ላለው «ማዕዘናዊ ዘዌ» ማለት ቃሉን ከነባር ፍቺው ጋር አስማምቶ መጠቀም ነው።

የተውሶ ቃላት ደጋፊዎች ክርክርም በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህም በአዲስ አበባ ተማሪው ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ሒሳብን በእንግሊዝኛ ስለሚማር፣ «ሬክታንግል» ለዚያ ያዘጋጀዋል ይላሉ። በእኛ አስተያየት ግን ጽንሰ ሐሳቡን የጨበጠ ልጅ አዲስ ስም ለመልመድ ብዙ አይቸገርም፤ ስሙን ብቻ የያዘ ግን ትምህርቱን እንደገና መጀመር ግድ ይሆንበታል።

ከዚህም የተነሣ «ሬክታንግል»ን «ማዕዘናዊ ጎነ አራት» ብንለው መልካም ነው እንላለን። ቃሉ ብያኔውን በውስጡ ስለያዘ፣ ካሬም ማዕዘናዊ ዘዌዎች ያሉት ጎነ አራት እንደመሆኑ የዚሁ ወገን መሆኑን ተማሪው ራሱ ይደርስበታል። «ካሬ» ግን ሥር ስለሰደደ ሊነቀል አይገባውም። የሚገባው፣ ምስልነቱና መለኪያነቱ በመዝገበ ቃላት በሁለት ተራ ቍጥር ተለይቶ መፈታት፣ በመማሪያ መጽሐፍም ከምስሉ ሥዕል በፊት መብራራት ነው። በ1989 ዓ.ም. የታተመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ለሙያ ቃላት ትልቅ መሠረት ጥሏል፤ የሚቀጥለው ሥራ የሙያው ቃል በመንደር ምን ማለት እንደሆነም መመዝገብ ይሆናል። ቃል ለሕፃናት የሚሰይም ባለሙያ፣ ሕፃኑ ያንኑ ቃል ቀድሞ የት እንደሰማው ሊጠይቅ ይገባዋል።