ቀፎው ያው፣ ሆዱ አዲስ

ነገሩ የሆነው በ1996 ዓ.ም. ነው። አውቶቡስ ተራ አካባቢ የኮምፒዩተር ጽሕፈት ትሠራ የነበረች ዘመዴ የኮምፒዩተሯን ሆድ አስቀየረች። ፔንቲየም 4 ከነማዘርቦርዱ፣ ሜሞሪና ሁለተኛ ሀርድ ዲስክ ገባለት። ቀፎውና ከቀፎው ጋር የኖረው ፓወር ሰፕላይ ግን ነባሮቹ ናቸው።

ሁለት ቀን እንደ ፈረስ ጋለበ። በሦስተኛው ቀን ለአንድ ደንበኛ ሲዲ እየቀዳች፣ በዚያው የአንድ ተመራቂ ተማሪ ጽሑፍ እየተየበች ሳለ ድርግም! መብራት ሄደ እንዳይባል አምፖሉ እንደበራ ነው። ኮምፒዩተሩ ራሱ ጠፍቶ ራሱ ተነሣ። ሴቭ ያልተደረገው አሥራ አንድ ገጽ ውኃ በላው። ከዚያ በኋላማ ልማድ አደረገው፤ አንዳንዴ ሰማያዊ ገጽ፣ አንዳንዴ ድርቅ፣ አንዳንዴ ድርግም።

መቼም ከመርካቶ የገዛው ዕቃ የተበላሸበት ሰው የመጀመሪያ ቃሉ የታወቀ ነው። "አሮጌ ሸጠልኝ!" "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" እየተባልን ያደግን ነንና እኔም አልዘገየሁም፤ ለጠብ አጃቢ ሆኜ ተከተልኳት።

የሄድንበት ሰፈር የራሱ ታሪክ አለው። የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ ድሮ አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። ጣሊያን በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ የአገሬውን ሰው ገበያ ወደ ምዕራብ ገፍቶ አሁን ያለበት ቦታ አደረሰው። መርካቶ የሚለው ስምም ገበያ ማለት ነው፤ በጣሊያንኛ። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ የጣሉትን የሚያነሳ ሆነ። ምናለሽ ተራ በርሜሉ ተቀጥቅጦ ምድጃ ይሆናል። ሶማሌ ተራ ከአንዱ መኪና የወጣ ዕቃ ለሌላው መኪና ይደርሳል። አሮጌውን ከአዲስ ማጋባት የመርካቶ የቆየ ሙያ ነው። ኮምፒዩተር ሲመጣም የወደቀው በዚሁ እጅ ላይ ነው።

የዚህ ጋብቻ ጣጣ ታዲያ የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጣው የመጀመሪያው ፒሲ ፓወር ሰፕላይ 63.5 ዋት ብቻ ነበር። ለፍሎፒ ይበቃል። ሀርድ ዲስክ ልጨምርበት ያለ ሰው ግን ያ ጉልበት አነሰው። በ1983 ከነሀርድ ዲስኩ የመጣው ኤክስቲ 130 ዋት ይዞ መጣ። ኩባንያው ተመጋቢ ሲጨምር እንጀራውንም ጨመረ ማለት ነው። በ2000 ደግሞ ፔንቲየም 4 ወጣ፤ ለብቻው ባለ 12 ቮልት፣ አራት ቀዳዳ መሰኪያ የሚፈልግ። ይህ ለሌላቸው ነባር ፓወር ሰፕላዮች መቀጠያ ገመድ ገበያ ላይ ዋለ። መቀጠያው መሰኪያውን ያመጣል፤ ጉልበት ግን ከየት ያምጣ?

ሱቁ ደረስን። ዘመዴ የያዘችውን ሁሉ አወረደችበት። ልጁ አልተቆጣም። ክዳኑን ከፈተና ሁለተኛውን ዲስክ ነቀለ፤ ኮምፒዩተሩ ሠራ። ዲስኩን መልሶ ሜሞሪውን በሌላ ቀየረ፤ ሲዲ መቅዳት ሲጀምር ድርግም። ስለዚህ ሜሞሪው ነፃ ነው። ዲስኩን ሌላ ኮምፒዩተር ላይ ሰካው፤ እዚያ ያለ አንዳች እንከን ሠራ። በመጨረሻ ከጎረቤት ሱቅ ፓወር ሰፕላይ ተውሶ ሁሉንም መልሶ ሰካ። ሲዲ እየቀዳ፣ ዲስክ ወደ ዲስክ እየገለበጠ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አስጨነቀው። ንቅንቅ አላለም።

"አዲሶቹ ሁሉ ደህና ናቸው" አለ። "የሚያበላቸው ነው የደከመው።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ፓወር ሰፕላይ ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች በሙቀትና በዕድሜ ብዛት ይደርቃሉ። ጀርባው ላይ የተጻፈው ዋት ያው ቢሆንም ጉልበቱ ይከዳል። ኮምፒዩተሩ ሥራ ሲፈታ ይችለዋል፤ ፕሮሰሰሩ ሲሞቅ፣ ዲስኮቹ ሁሉ ባንድ ላይ ሲዞሩ ቮልቱ ይወርድና ማሽኑ ይወድቃል። ባለቤቱ ጣቱን የሚቀስረው ግን ትናንት በገባው አዲስ ዕቃ ላይ ነው።

"እትዬ፣ ያን ዕለትም እኮ ነግሬዎት ነበር" አላት ልጁ ቀስ ብሎ።

ዘመዴን አየኋት። አንገቷን ደፋች። ለካ ያኔም "ይሄም አብሮ ይቀየር" ብሏት ኖሯል። እሷ ሊያስወጣኝ ነው ብላ "በመቀጠያ አድርግልኝ" አለችው። እውነተኛው ምክር የነጋዴ ወሬ መስሎ ተሰማት። እኔ ብሆንም ከዚህ የተለየ አልሰማም ነበር።

መጠርጠሩ ባልከፋ። የዚያ ልጅም ሥራው መጠርጠር ነው፤ ግን አንዱን እየነቀለ፣ እየሞከረ፣ ነፃ የሆነውን ነፃ እያለ ይጠረጥራል። እኛ ምንም ሳንነቅል ሰውየውን ፈርደንበት ነበር የሄድነው።

አዲሱን ፓወር ሰፕላይ ሳትከራከር ገዛች። አሮጌውን ጥላ ልትወጣ ስትል "ይምጣ፣ ከሱም የሚወጣ ዕቃ አይጠፋም" ብሎ ተቀበላት። የተማሪውን አሥራ አንድ ገጽ በዚያው ሌሊት ደግማ ተየበችው፤ በየገጹ ሴቭ እያደረገች።