የጥርስ ኢምፕላንትና የመንጋጋ ጉልበት

የጥርስ ኢምፕላንት በወለቀ ጥርስ ምትክ መንጋጋ አጥንት ውስጥ የሚቀበርና ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሸከም ብሎን ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከቲታኒየም ይሠራል። ስዊድናዊው ፐር-ኢንግቫር ብሮነማርክ በ1950ዎቹ (እንደ ጎርጎርዮሳዊ አቆጣጠር) ለሌላ ጥናት ጥንቸል አጥንት ውስጥ የከተተው ቲታኒየም ከአጥንቱ ጋር ተዋህዶ አልወጣ አለው። በ1965 ሰው ላይ ተከለው።

የታችኛው መንጋጋ ከጆሮ ፊት ባሉ ሁለት መገጣጠሚያዎች ላይ ይንቀሳቀሳል። የማኘኪያ ጡንቻዎች ለመገጣጠሚያዎቹ ስለሚቀርቡ ከፊት ጥርሶች ይልቅ ኋለኞቹ ላይ ጫናው ይበረታል።

በተፈጥሮ ጥርስና በኢምፕላንት መካከል ያለው ትልቁ ልዩነት ግን ሥሩ ላይ ነው። የተፈጥሮ ጥርስ 0.2 ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት ባለው ጅማት ታቅፎ ስለሚቀመጥ፣ ሲነከስበት በጥቂቱ ይሰምጣል፤ ቆሎ ውስጥ የተደበቀች ጠጠርንም ገና ስትነካው ያውቃታል። ኢምፕላንት ይህ ትራስ የለውም፤ ጠጠሯ የምትሰማው ደብዘዝ ብላ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ ባለቀለም ስስ ወረቀት አስነክሶ ጫና የበዛበትን ቦታ ይሞርደዋል። በተለይ የሚያሰጋው ከጎን የሚመጣ ግፊት ነው፤ ማታ ጥርሱን የሚያፋጭ ሰው ሰው ሠራሹን ጥርስ ከኢምፕላንቱ ጋር የሚያያይዘውን ብሎን ሊያላላው፣ አንዳንዴም ሊሰብረው ይችላል።