ማን በላህ?

ዛሬ ተራ ጭቅጭቅን «እሰጥ አገባ» እንላለን። ቃሉን የወረስነው ከችሎት ነው። በዱሮው የአደባባይ ሙግት አንዱ ተሟጋች «በቅሎ እሰጥ!» ብሎ በቃሉ እውነትነት ይወራረዳል፤ ባላጋራው «አገባ!» ሲል ውርርዱ ይጸናል። የተሸነፈው ያስያዘውን ለዳኛው ይከፍላል። ያ ሰው ወደ ቤቱ ሲመለስ «ተረታሁ» ይል ነበር። ማን እንደረታው አገር ያውቃል።

ከተማ ሲሰፋ «ተበላሁ» መጣ። በቁማር ያሸነፈ በላ፣ የተሸነፈ ተበላ። ቁማርተኛው ቃሉን አልፈጠረውም፤ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ከሚለው ተረት ጋር አንድ ማዕድ ላይ የነበረ ነው። እሱ ያደረገው ግሡን ከተበላው ወገን ሆኖ መናገር ብቻ ነው። ዛሬ ዕቁቡ የተካደበትም፣ በንግድ የተታለለውም ተበላሁ ይላል፤ ካርታ ጨብጦ የማያውቀው ሁሉ።

የከተማው አፍ ከጣልያንም ተበድሯል፤ የአዲስ አበባው ሰፈር ካዛንቺስ ራሱ ስሙን ያገኘው በወረራው ዘመን (1928–1933) ለጣልያን መንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው ተቋም ምህጻረ ቃል ነው። ጨዋታዎቹ ከረምቡላና ቶምቦላም የጣልያንኛ ድምፃቸውን እንደያዙ አብረውን ቀሩ። ብሔራዊ ሎተሪ በ1954 ዓ.ም. ሲቋቋም ደግሞ ዕድል የቀናው ሁሉ «ሎተሪ ወጣለት» ተባለ። የሚገርመኝ ያልወጣለት ነው። ተበላሁ አይልም፤ ከፊቱ ተቀምጦ የሚበላው ሰው የለማ!

የስፖርት ውርርድ ቃሉን መለሰው፣ በላተኛውን ግን አልመለሰም። ወጣቱ ትኬቱን ጨምድዶ «በአንድ ጨዋታ ተበላሁ» ይላል። የበላው ማንቸስተር ያለ፣ ስሙን እንኳ ሰምቶት የማያውቅ ቡድን ነው። የአዲስ አበባ አስተዳደር በ2015 ዓ.ም. የውርርድ ቤቶችን አሸገ፤ ጨዋታው ግን ስልክ ውስጥ ገብቶ ነበር። አያቱ የረታውን ሰው በስም ይጠራ ነበር፤ የልጅ ልጁ የሚወቅሰው የባከነች ፍጹም ቅጣት ምት ነው።

በ2017 ዓ.ም. ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ውስጥ ያለው አሮጌው ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ፈረሰ። ከረምቡላው የቆመባቸው ቤቶች፣ በየደጁ ዳማ የተዘረጋባቸው ደረጃዎች አብረው ሄዱ። የቀበሌ ቤት ተከራይ ወደ ሌላ ሰፈር ዕቃውን ጫነ፤ የግል ይዞታ ያለው ሰነዱን ፍለጋ ሳጥኑን በረበረ። በዚያ ሰሞን እዚያ መንደር «ካርታ አለህ?» ብሎ የጠየቀ ሰው ስለ ጨዋታ አልነበረም የሚጠይቀው።