የመነጽር ማጠፊያና ሞላው

መነጽር የሚለው ቃል «ነጸረ»፣ ማለትም «ተመለከተ» ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ በመሆኑ፣ ስሙን የሰማ ሰው ሐሳቡ ወዲያው ወደ መስተዋቱ ይሄዳል። የመነጽር ታሪክ ሲጻፍም ሰፊውን ቦታ የሚይዘው የሌንሱ ነገር ነው። ይሁን እንጂ መነጽር ከተገኘ በኋላ ከአራት መቶ ዓመት በላይ ሠሪዎቹን ያስቸገረ ሌላ ጉዳይ ነበር፤ ይኸውም መስተዋቱን በዐይን ፊት አጽንቶ የማቆየት ጉዳይ ነው። ዛሬ በብዙ መነጽሮች ላይ የሚገኘው ባለ ሞላ ማጠፊያ የዚህ ረዥም ጥረት አንዱ ውጤት ነው።

ከችንካር ወደ ክንድ

የዶሚኒካን ማኅበር መነኩሴ የነበረው ጆርዳኖ ዳ ፒሳ በ1306 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በፍሎረንስ ከተማ ባሰማው ስብከት፣ የመነጽር ጥበብ ከተገኘ ገና ሃያ ዓመት እንዳልሞላው ተናግሮ ነበር። ቶማሶ ዳ ሞዴና የተባለው ሠዓሊ በ1352 በትሬቪዞ ገዳም ግድግዳ ላይ የሣለው ሥዕል ደግሞ የዚያን ዘመን መነጽር መልክ ያሳያል። ሁለቱ መስተዋቶች እጀታ ባላቸው ክቦች ውስጥ ገብተው፣ እጀታዎቹ ጫፍ ለጫፍ በአንድ ችንካር ተያይዘዋል። የመነጽር የመጀመሪያው ማጠፊያ እንግዲህ ይህ ችንካር ነው። መነጽሩ አፍንጫን ቆንጥጦ ወይም በእጅ ተይዞ ይቆይ ነበር እንጂ ሌላ ድጋፍ አልነበረውም። ኋላም በጆሮ ላይ የሚጠመጠም ክርና ጥብጣብ ተሞከረ።

የለንደኑ መነጽር ሠሪ ኤድዋርድ ስካርሌት በ1720ዎቹ መጨረሻ ገደማ ባሳተመው የንግድ ካርድ ሁለት ክንዶች ያሉትን መነጽር አስተዋወቀ። ክንዶቹ አጫጭር ሆነው፣ በክብ ጫፋቸው የጆሮ ግንድን ከግራና ከቀኝ ተጭነው ይይዙ ነበር። ሌላው የለንደን ባለሙያ ጄምስ አይስኮ በ1752 እያንዳንዱ ክንድ ሁለት ቦታ የሚታጠፍበትን መነጽር ለገበያ አቀረበ። ከዚያ ወዲህ ማጠፊያው መነጽርን አጥፎ ለማስቀመጥ ብቻ ሳይሆን፣ ራስን የሚይዘውን ኀይል ከክንድ ወደ ፍሬም ለማስተላለፍ የሚያገለግል ክፍል ሆነ።

ምስማር ሠሪውና ወርቅ ሠሪው

ማጠፊያውን ያሻሻሉት በአብዛኛው ከሌላ ሙያ የመጡ ሰዎች ናቸው። በፈረንሳይ ዩራ ተራሮች፣ በሞሬ ከተማ አጠገብ፣ ፒየር ያሳንት ካዞ የተባለ ምስማር ሠሪ በ1796 የብረት ሽቦ እያጎበጠ የመነጽር ፍሬም መሥራት ጀመረ፤ አካባቢውም በሰዓት ሥራ የታወቀ ስለ ነበረ አዲሱ ሙያ ቶሎ ሥር ሰደደ። በጀርመን ፎርዝሃይም የጌጣጌጥና የሰዓት ሥራ በ1767 ተቋቁሞ ነበር። በዚሁ አካባቢ በ1904 የተመሠረተው የኦንማክትና ባውምጌርትነር ፋብሪካ የመነጽር ብሎኖችንና ማጠፊያዎችን በማምረት ታዋቂ ሆነ። በሰሜን ኢጣልያ አንጄሎ ፍሬስኩራ በ1878 በካላልዞ ዲ ካዶሬ የመነጽር ፋብሪካ አቋቋመ። በ1961 በአጎርዶ የተመሠረተው ሉክሶቲካም ሥራውን የጀመረው ለሌሎች ፋብሪካዎች የመነጽር ክፍሎችን በማምረት ነበር። እነዚህን ሁሉ የሚያመሳስላቸው ጥቃቅን ብረትን በትክክለኛ ልክ የመቁረጥና የማያያዝ ልምድ ነው።

ጭነቱን የሚሸከመው ማን ነው?

ተራው ማጠፊያ በፍሬሙና በክንዱ ላይ የተያያዙ ቀለበቶችን እርስ በርስ አሰካክቶ በአንድ ብሎን የሚያያይዝ ነው። የቀለበቶቹ ቁጥር ብዙ ጊዜ ሦስት፣ አምስት ወይም ሰባት ይሆናል። ክንዱ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ሥሩ ከፍሬሙ ጠርዝ ጋር ይገጥምና ይቆማል። ከዚያ አልፎ ወደ ውጭ ሲገፋ ግን ክንዱ እንደ መፈንቅል ይሠራል። የክንዱ ርዝመት 140 ሚሊሜትር፣ ከብሎኑ እስከ መግጠሚያው ጠርዝ ያለው ርቀት 3 ሚሊሜትር ነው ቢባል፣ በክንዱ ጫፍ ላይ ያረፈው ኀይል በብሎኑ ዘንድ ከ46 ጊዜ በላይ ይባዛል። ግማሽ ኪሎ ያህል ግፊት በማጠፊያው ላይ ከ23 ኪሎ የሚበልጥ ጭነት ያሳድራል ማለት ነው። መነጽሩን በአንድ እጁ የሚያወልቅ ሰው ይህን ጭነት ሳያውቀው በየቀኑ ይፈጥራል። ብሎኑ የሚላላው፣ ቀለበቱ የሚሰነጠቀውና ፍሬሙ የሚጣመመው ከዚህ የተነሣ ነው።

ሮበርት ሁክ የሞላ መሳብ ከተለጠጠበት ልክ ጋር እኩል እንደሚያድግ በ1678 ባሳተመው ጽሑፍ አስረድቶ ነበር። በ20ኛው መቶ ዓመት የመጨረሻ አሥርት ዓመታት በብዛት የተስፋፋው ባለ ሞላ ማጠፊያ ይህንኑ ሕግ በጥቂት ሚሊሜትር ቦታ ውስጥ በሥራ ላይ ያውላል። በክንዱ ላይ ትንሽ የሞላ ቤት አለ፤ በውስጡ ቀለበት ያለው ተንሸራታች ዘንግ ይገኛል፤ በዘንጉ ላይም ከቀጭን የማይዝግ ብረት ሽቦ የተጠቀለለ ሞላ ተሰክቷል። ክንዱ ከልኩ በላይ ሲከፈት ዘንጉ ከቤቱ ወደ ውጭ ይሳባል፣ ሞላውም ይጨመቃል፤ ክንዱ ሲለቀቅ ሞላው ወደ ቦታው ይመልሰዋል። ስለዚህ ብሎኑን ይሰብር የነበረውን ጭነት ሞላው ተቀብሎ መልሶ ይሰጣል።

አሠራሩ ጥንቃቄ ይጠይቃል። የብየዳ ሙቀት የሞላን ጥንካሬ ስለሚያጠፋ፣ በጠቅላላው የሞላው ቤት አስቀድሞ ከክንዱ ጋር ይበየዳል፣ ሞላውና ዘንጉ በኋላ ይገባሉ። ዓለም አቀፉ የፍሬም ደረጃ፣ አይ.ኤስ.ኦ. 12870፣ ክንዱ 500 ጊዜ ተንቀሳቅሶ እንዲፈተንና ከዚያ በኋላ ከቀድሞ ቦታው የሚያሳየው ለውጥ ከ5 ሚሊሜትር እንዳይበልጥ ያዛል።

የምቾት ዋጋ

ሞላው ያመጣው ምቾት ግን ያለ ዋጋ አልተገኘም። የተራው ማጠፊያ ብሎን ቢወድቅ፣ ትንሽ ካቻቪቴ የያዘ ማንኛውም ሰዓት ሠሪ ሌላ ብሎን ያስገባለታል። የባለ ሞላው ብሎን ሲወጣ ግን ሞላው ዘንጉን ወደ ውስጥ ይስበዋል፣ ቀዳዳዎቹም አይገጣጠሙም። ለዚህም ዘንጉን ጎትቶ የሚይዝ መሣሪያ፣ ወይም ቀዳዳውን እየመራ የሚገባ ጫፈ ረዥም ብሎን ያስፈልጋል። ላብ፣ ቅባትና አቧራ በቤቱ ውስጥ ገብተው ሞላው ቢሰበር፣ ብዙውን ጊዜ ክንዱ በሙሉ ይለወጣል፤ ክንዱ ካልተገኘም ሌንሱ ደኅና የሆነ መነጽር ይጣላል።

ከዚህ ችግር ለመውጣት የተለያዩ መንገዶች ተሞክረዋል። የዴንማርኩ ሊንድበርግ በ1980ዎቹ ከታይታንየም ሽቦ ብሎን የሌለው መነጽር ሠራ። በ2012 በጀርመን የተመሠረተው የአንድ ዶላር መነጽር ድርጅት ደግሞ በእጅ በሚሠራ ማጉበጫ መሣሪያ ከሞላ ብረት ሽቦ ፍሬም ይሠራል። በዚህኛው አሠራር ሽቦው ራሱ ሞላ ነው። የሞሬው ምስማር ሠሪ በ1796 የጀመረው የሽቦ ሥራ፣ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ፣ መነጽር ለመግዛት አቅም ለሌለው ሰው መፍትሔ ሆኖ ተመልሷል።

እንግዲህ ባለሙያው ፍሬም ሲመርጥ ወይም ሲመክር፣ ማጠፊያው ምን ያህል ይለጠጣል ብሎ መጠየቁ ብቻ አይበቃውም። መለዋወጫው በማይገኝበት ሥፍራ የሚኖር ሰው መነጽሩ ሲሰበርበት ሥራውንና ንባቡን ያቋርጣል። ስለዚህ ማጠፊያው በተሰበረ ጊዜ ማን ሊጠግነው ይችላል የሚለው ጥያቄ ከሞላው ጥራት ጋር እኩል ሊታሰብበት የሚገባ ነው።