ሰርቨርን ጠይቆ መረዳት፦ የቅንብር ንባብ አጭር ታሪክና ለትምህርት ሥራ ያለው ጠቀሜታ

መግቢያ

አንድ የሥራ መመሪያ ተሻሽሎ አዲስ ሰርኩላር ከወጣ በኋላ፣ አሮጌው ቅጂ ከትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሳይነሣ የሚቆይበት ጊዜ አለ፡፡ በአሮጌው ቅጂ የሚሠራ ሰው ያነበበውን በትክክል ቢረዳም ሥራው የተሳሳተ ይሆናል፡፡ ስሕተቱ የማንበብ ችሎታ ጉድለት ሳይሆን የምንጭ ምርጫ ጉድለት ነው፡፡

በኮምፒዩተር ሥራም ተመሳሳይ ችግር ያጋጥማል፡፡ ለብዙ ተጠቃሚዎች አገልግሎት የሚሰጠው ኮምፒዩተር፣ ማለትም ሰርቨር፣ የሚመራው በቅንብሮች ነው፡፡ በየትኛው የሰዓት ቀጠና እንደሚሠራ፣ ምን ያህል መጠን ያለው ፋይል እንደሚቀበል፣ መረጃውን የት እንደሚያስቀምጥ የሚወሰነው በእነዚሁ ነው፡፡ ተከታታይ ትእዛዞችን በራሱ የሚያስፈጽም ጽሑፍ፣ ማለትም ስክሪፕት፣ እነዚህን ቅንብሮች ማወቅ ሲያስፈልገው ከየት ሊያገኛቸው ይገባል? ይህ ጽሑፍ የጥያቄውን ታሪካዊ አመጣጥና ለመምህራን ያለውን ትርጉም ባጭሩ ለማስረዳት ይሞክራል፡፡

የአሠራሩ አመጣጥ

ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ እ.ኤ.አ. በ1969 በቤል ላቦራቶሪ ዩኒክስ የተባለውን የኮምፒዩተር ሥርዓት መሥራት ጀመሩ፡፡ በዩኒክስ ልማድ ቅንብሮች የሚጻፉት ማንም ሰው ከፍቶ ሊያነባቸው በሚችል ተራ የጽሑፍ ፋይሎች ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1973 የአንድን ትእዛዝ ውጤት ለሌላው ትእዛዝ በቀጥታ የማስተላለፍ ዘዴ ተጨመረ፡፡ እ.ኤ.አ. በ1979 ደግሞ ስቲቨን ቦርን ያዘጋጀው የትእዛዝ ተርጓሚ በሰባተኛው የዩኒክስ እትም ወጣ፤ በዚህም ስክሪፕት አንድን ትእዛዝ ጠርቶ የሰጠውን መልስ በስም ይዞ ማቆየትና ኋላ በሥራ ላይ ማዋል ቻለ፡፡ እንግዲህ ማሽን ለሰው ብቻ ሳይሆን ለስክሪፕትም የሚመልስበት መንገድ ተከፈተ ማለት ነው፡፡

ሆኖም ስክሪፕት ጸሐፊዎች ለረጅም ጊዜ የቅንብሩን ፋይል ራሳቸው እየከፈቱ የሚፈልጉትን መስመር መፈለግን አላቆሙም፡፡ ይህ ዘዴ ቢያንስ በሦስት ምክንያቶች ያሳስታል፡፡ አንደኛ፣ በፋይሉ ያልተጻፈ ቅንብርም በፕሮግራሙ ውስጥ አስቀድሞ የተወሰነ ዋጋ አለው፤ አለመጻፉ አለመኖሩን አያመለክትም፡፡ ሁለተኛ፣ አንዱ ፋይል ሌሎች ፋይሎችን ሊጠራ ስለሚችል በመጀመሪያው የተነበበው ቃል በኋለኛው ሊሻር ይችላል፡፡ ሦስተኛ፣ ፋይሉ ቢታረምም ሰርቨሩ እንደገና እስኪያነበው ድረስ በቀድሞው ውሳኔ መሥራቱን ይቀጥላል፡፡

የመጠየቂያ ትእዛዞች መስፋፋት

ለዚህ ችግር የተገኘው መፍትሔ ፕሮግራሙ ስለ ራሱ እንዲመሰክር ማድረግ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የፖዚክስ ደረጃ ‹ጌትኮንፍ› የተባለውን ትእዛዝ ደነገገ፤ ስክሪፕትም የሥርዓቱን ወሰኖች በስማቸው ጠርቶ የሚጠይቅበት አንድ ወጥ መንገድ አገኘ፡፡ እ.ኤ.አ. በ1998 ለሕዝብ የቀረበው የቪትሰ ቬኔማ የደብዳቤ ሰርቨር፣ ፖስትፊክስ፣ ‹ፖስትኮንፍ› የሚባል ትእዛዝ አለው፡፡ ይህ ትእዛዝ በፋይል ያልተጻፉትን ዋጋዎች ጭምር ይሰጣል፤ ሲታዘዝም የቅንብሩን ስም ትቶ ዋጋውን ብቻ ያትማል፡፡ ይህ የመጨረሻው አሠራር ለሰው ዓይን ሳይሆን ለስክሪፕት ታስቦ የተደረገ መሆኑ ግልጽ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ2008 ኦፕን ኤስኤስኤች፣ በ2012 ደግሞ ፖስትግሬስ የተባለው የመረጃ ቋት ተመሳሳይ መጠየቂያዎችን አስገቡ፡፡

ይሁን እንጂ መልሶቹ ሁሉ ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ አይደሉም፡፡ ፖስትኮንፍ የሚመልሰው ፋይሉን አንብቦ ነው፡፡ በመሥራት ላይ ያለ የፖስትግሬስ ሰርቨር ግን በመረጃ ቋቱ ቋንቋ ሲጠየቅ በዚያች ሰዓት የሚሠራበትን ዋጋ ይናገራል፡፡ ስለዚህ ጠያቂው መልሱን ብቻ ሳይሆን የመልሱን ምንጭ ጭምር ማወቅ ይኖርበታል፡፡

በአገራችን ትምህርት

የኢንተርኔት አገልግሎት በኢትዮጵያ በ1989 ዓ.ም. ተጀመረ፡፡ በ1997 ዓ.ም. የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት ቴሌቪዥን ይተላለፍ ጀመር፡፡ በ2016 ዓ.ም. ከ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ከፊሎቹ አገር አቀፍ ፈተናውን በኮምፒዩተር መረብ ወሰዱ፡፡ እንዲህ ባለ ጊዜ የሰርቨር ቅንብር የባለሙያ ጉዳይ ብቻ ሆኖ ሊቀር አይችልም፡፡

ጉዳዩን በምሳሌ እንመልከት፡፡ በሰሜን ሸዋ መዘዞ ያለ አንድ መምህር ፈተና ከጠዋቱ 3 ሰዓት ይጀምራል ብሎ መርሐ ግብር አወጣ እንበል፡፡ ይህ ሰዓት በሌላው ዓለም አቆጣጠር የምሥራቅ አፍሪካ 9 ሰዓት ነው፤ በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት ደግሞ 6 ሰዓት ነው፡፡ አንዲቱ ቅጽበት ሦስት ስም አላት፡፡ ስክሪፕት ጸሐፊው ‹9 ሰዓት› ብሎ ቢጽፍና ሰርቨሩ በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት የተቀናበረ ቢሆን፣ ፈተናው የሚከፈተው በእኛ አቆጣጠር ቀትር 6 ሰዓት ላይ ይሆናል፡፡ ተማሪዎቹ ሦስት ሰዓት ሙሉ ባዶ መስኮት ሲመለከቱ ይቆያሉ ማለት ነው፡፡ ስክሪፕቱ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት የሰርቨሩን የሰዓት ቀጠና በአንድ ትእዛዝ ጠይቆ፣ መልሱ የአዲስ አበባ ካልሆነ እንዲቆም ቢደረግ ኖሮ ግን ጉዳቱ ባልደረሰ ነበር፡፡

በልዩ ልዩ አገሮች ዩኒቨርሲቲዎች ሥራ ላይ የዋለው ሙድል የተባለው የማስተማሪያ ሥርዓትም ቅንብሮቹን ከትእዛዝ መስመር የሚያነብ የራሱ መሣሪያ አለው፡፡ የመጀመሪያው እትም እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ ሲሆን፣ መሥራቹ ማርቲን ዱጊያማስ በልጅነቱ በምዕራብ አውስትራሊያ በረሃ በሬዲዮ የተማረ ሰው ነው፡፡ ሙድል የራሱ የሰዓት ቀጠና ቅንብር ስላለው ሰርቨሩንና ሙድልን ለየብቻ መጠየቅ ያስፈልጋል፡፡ ሁለቱ ሳይስማሙ ሊገኙ ይችላሉና፡፡

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ ከተገለጸው ታሪክ በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች የኮምፒዩተር ትምህርት ሊካተቱ የሚገባቸው ሦስት ቁም ነገሮች ይገኛሉ፡፡ የመጀመሪያው፣ ሠልጣኙ ቅንብር መለወጥን ከመማሩ አስቀድሞ ቅንብር መጠየቅን ይማር፤ መጠየቅ ምንም አያበላሽምና፡፡ ሁለተኛው፣ ባዶ መልስን እንደ መልስ አይቁጠር፤ ትእዛዙ በሚገባ መፈጸሙን የሚያመለክተውን ቁጥር፣ በዩኒክስ ልማድ ዜሮን፣ ይመርምር፡፡ ሦስተኛው፣ መልሱ ከፋይል ወይስ በሥራ ላይ ካለው ሰርቨር የመጣ መሆኑን ይለይ፡፡

እነዚህ ሦስቱ ውድ መሣሪያ አይጠይቁም፤ በአንድ ኮምፒዩተርና በአንድ ክፍለ ጊዜ ሊጀመሩ ይችላሉ፡፡ የትምህርት ዕቅድ አውጪዎችም የኮምፒዩተር ብዛት ሲመድቡ፣ ኮምፒዩተሩን ጠይቆ የሚያረጋግጥ መምህር ማፍራትን አብረው ቢያቅዱ፣ ከመዘዞ እስከ አዲስ አበባ ያለው ተማሪ ፈተናው በተባለው ሰዓት እንደሚከፈትለት ሊተማመን ይችላል፡፡