ከመተማ በፊት የተጻፈው ደብዳቤ

የመተማ ስም ሲነሳ የሁሉም ሐሳብ የሚሄደው አፄ ዮሐንስ 4ኛ በጥይት ወደተመቱበት ወደ መጋቢት 1881 ዓ.ም ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ግን እዚያ ከመድረሳቸው በፊት በነበሩት ሁለት ዓመታት ወቀሳና ስድብ ከየአቅጣጫው ሲወርድባቸው ቆይቷል። እንደ አንድ ክርስቲያን መሪ ለአንዳንዱ የመለሱት መልስ ዛሬም ያስገርማል። ሌላው ደግሞ ያሳዝናል።

ነገሩ የሚጀምረው እዚሁ ጠረፍ ላይ ነው። በግንቦት 1876 ዓ.ም ዓድዋ ላይ በተፈረመው የሂዌት ውል፣ አፄ ዮሐንስ በማህዲስቶች የተከበቡት የግብፅ ወታደሮች በኢትዮጵያ በኩል እንዲወጡ ለመርዳት ቃል ገቡ። ቃላቸውንም ጠበቁ። ሱዳኖች ገላባት በሚሏት መተማ የነበረው የግብፅ ጦርም የወጣው በኢትዮጵያውያን እርዳታ ነው። ለዚህ ውለታ ያተረፉት ነገር ቢኖር ከማህዲስቶች ጋር ደም መቃባት ነበር። እንግሊዝ በበኩሏ፣ ውሉ በምፅዋ በኩል ዕቃ በነፃ እንዲያልፍ ቢልም፣ በ1877 ዓ.ም ጣሊያን ወደቡን ስትይዝ እሺ ብላ አየች።

በጥር 1879 ዓ.ም ራስ አሉላ ከምፅዋ ወደ ውስጥ ገፍቶ የመጣውን የጣሊያን ጦር ዶጋሊ ላይ ደመሰሱ። በዓመቱ የእንግሊዝ መልእክተኛ ጄራልድ ፖርታል የንግሥት ቪክቶሪያን ደብዳቤ ይዞ አሸንጌ ሐይቅ አካባቢ ድረስ መጣ። የመልእክቱ ፍሬ ሐሳብ ጥፋተኛዋ ኢትዮጵያ ናት፣ ይቅርታ ትጠይቅ፣ መሬትም ትልቀቅ የሚል ነበር። ውል ያፈረሰው ወገን ውል የጠበቀውን ሲከስ ማለት ነው።

አፄ ዮሐንስ መልእክተኛውን አላሰሩትም፣ አላዋረዱትም። የመለሱለት በአጭሩ ነው። አሉላ አላጠፋም፤ ጣሊያኖች እሱ ወደሚያስተዳድረው አገር ስለገቡ ተዋጋቸው፤ ሐበሻ እንግሊዝ አገር ቢገባ እናንተም የምታደርጉት ይህንኑ ነው አሉት። እዚህ ላይ ቆም ማለት ተገቢ ነው። ከወቀሳው ለማምለጥ ቀላሉ መንገድ ጥፋቱን በበታች ሹም ላይ ጥሎ እጅ መታጠብ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ይህን አላደረጉም። ፖርታልም በሰላም ተመለሰ።

በዚሁ ዓመት ጥር ወር፣ አቡ አንጃ የሚመራው የማህዲስቶች ጦር ከመተማ ቆላ ተነስቶ ደምቢያ ዘለቀ። ሳር ውሃ ላይ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ጦር አሸንፎ ጎንደርን ዘረፈ፣ አብያተ ክርስቲያናትንም አቃጠለ። ጎጃም ገና ከዚህ ቁስል ሳያገግም፣ ተክለ ሃይማኖት ከንጉሥ ምኒልክ ጋር መዶለታቸውን የሰሙት አፄ ዮሐንስ ራሳቸው ጦር ይዘው ዘመቱበት። ምክክሩ ሐሜት ብቻ አልነበረም፤ እውነት ነበረው። የጎጃም ገበሬ ግን ምን አደረገ? ሰብሉ ነደደ፣ ከብቱ ተነዳ። ለባዕድ መልእክተኛ የተረፈው ትዕግሥት ለአገሬው ሰው አልደረሰውም። በዚያ ላይ ከ1870 ዓ.ም የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ የወሎ ሙስሊሞች በግድ ተጠመቁ የሚለው ወቀሳም ነበረባቸው። ይህኛው ሐሰት ነው ሊባል አይችልም።

ምናልባት የጎጃሙ ጥፋት ልባቸውን ሰብሮት ይሆናል፣ ምናልባትም የጦር ስሌት ይሆናል፤ ብቻ በታኅሣሥ 1881 ዓ.ም ለአቡ አንጃ የጻፉት ደብዳቤ የሌላ ሰው ይመስላል። እኔ ወደ አገርህ መጥቼ ድሃውን ብገድል፣ አንተም ወደ አገሬ መጥተህ ድሃውን ብትገድል ለማን ይጠቅማል የሚል ነበር ሐሳቡ። የሁለታችንም ጠላት አውሮፓውያን ናቸው፤ እኔን ካሸነፉ አንተንም አይተዉህም፤ ስለዚህ እርስ በርስ መዋጋታችንን ትተን እንስማማ አሏቸው። ይህን የጻፉት ጎንደር ከተቃጠለች ዓመት እንኳ ሳይሞላት ነው።

የአቡ አንጃ መልስ ስድብና ስለም የሚል ጥሪ ነበር። ሰውየው ጦርነቱን ሳያዩ በሕመም ሞቱ፤ መተማን የጠበቀው በዘኪ ቱማል የሚመራው ጦር ነው። መጋቢት 1 ቀን የኢትዮጵያ ጦር ምሽጉን ጥሶ ገብቶ ድሉን ሊጨብጥ ሲል ንጉሠ ነገሥቱ ተመቱ። ጦሩ ተፈታ። አስከሬናቸው በማህዲስቶች እጅ ወደቀ፤ ራሳቸውም ወደ ኦምዱርማን ተላከ።

አሥር ዓመት ሳይሞላ፣ በ1890 ዓ.ም ነሐሴ ማብቂያ፣ ኦምዱርማን በእንግሊዝና በግብፅ ጦር እጅ ወደቀች። በ1894 ዓ.ም ከእንግሊዝ ጋር በተፈረመ ውል ደግሞ ድንበሩ ሲሰመር፣ መተማ በኢትዮጵያ ገላባት በሱዳን በኩል፣ ፊት ለፊት እየተያዩ ቀሩ።